ራስ ደጀን፦ የአንድ ቀን መንገድ፣ የብዙ ዘመን ክርክር

ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ወጥቶ መመለስ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከደባርቅ ተነሥተው፣ ጓዛቸውን በበቅሎ አስጭነው፣ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ላይ ድንኳን እየተከሉ የሚጓዙ እረፍተኞች የቧሂትን በር ተሻግረው፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ወርደውና እንደገና ሽቅብ ወጥተው አምቢቆ ከሚባለው መንደር ይደርሳሉ። ድንኳኑ እዚያው እንደተተከለ ያድራል። በማግስቱ ምግብ አብሳዩና በቅሎ ነጂው ከሰፈሩ ይቀራሉ፤ ተጓዡ ግን ከመሪውና ጠመንጃ ካነገበው ስካውት ጋር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ተነሥቶ ዳገቱን ይያያዘዋል። አምቢቆ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ ሲሆን ጫፉ ከዚያ በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ይቀረዋል። መንገዱ በመጀመሪያ በገብስ ማሳ መካከል፣ ቀጥሎ ጓሳና ጅብራ በሞላው ውርጫማ ሜዳ፣ በመጨረሻም በድንጋይ ላይ ነው። እጅን አስደግፎ መንጠላጠል የሚያስፈልገው ለመጨረሻዋ አጭር ርቀት ብቻ ነው። ሲመሽ ተጓዡ ተመልሶ ከድንኳኑ ይገኛል።

ጅቡቲ ላይ ሆኖ ይህን መንገድ ለሚያስብ ሰው የከፍታው ነገር ያስደንቃል። የአሳል ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ ይገኛል። ሰማዩ በጠራ ቀን ከሄሮን ሆኖ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ የሚታየው የጎዳ ተራራ ከ1,700 ሜትር ብዙም አይዘልም፤ የአገሪቱ ቁንጮ የሆነው ሙሳ ዓሊ እንኳ 2,000 ሜትሩን የሚያልፈው በጥቂቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲል ወደ አገር ቤት የሚሸሽ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ያ ወቅት በሰሜን ተራሮች የክረምቱ እምብርት በመሆኑ ጫፉን ጉም ይውጠዋል፣ መንገዱም ጭቃ ይሆናል። ተራራው ለእግረኛ የሚመቸው መስከረም ከጠባ በኋላ፣ በተለይም ከጥቅምት ጀምሮ ነው።

አንድ ቀን የሚበቃው ይህ ጫፍ ታዲያ በጽሑፍ ዓለም ውስጥ ከአንድ ሺህ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ሲያነጋግር ኖሯል። በረዶ አለው የለውም ተባለ፤ ማን ቀድሞ ወጣው ተባለ፤ ስንት ሜትር ነው ተባለ። በዚህ ሁሉ መካከል እምብዛም ያልተጠየቀው ከተራራው ሥር ገብስ እየዘራ የሚኖረው ሰው ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት በሌላ መልክ ካልተገለጹ በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የስሙ ነገር ራሱ ቀላል አይደለም። የአማርኛ አንባቢ «ሰሜን» ሲል ከጎንደር ወደ ላይ ያለውን አቅጣጫ ያስባል፤ ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ግን ቃሉ በጥንት ግዕዝ «ደቡብ» ማለት እንደነበረና ተራሮቹ ከአክሱም በስተደቡብ ስለሚገኙ ይህን ስም እንዳገኙ ጽፈዋል። ይህ ትክክል ከሆነ ስሙን ያወጣለት በአክሱም ቆሞ ተራራውን የተመለከተ ሰው ነው ማለት ነው። የጫፉ ስም ደግሞ በውጭ ካርታዎች ላይ «ዳሽን» እየተባለ ሲጻፍ ኖሮ፣ ተመልሶ ወደ አገሩ ገብቶ የባንክና የቢራ ስም ሆኗል። «ደጀን» የሚለው ግን ለአማርኛ ተናጋሪ ትርጉም ያለው ቃል ነው፤ ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ፣ የጦሩ መከታ ማለት ነው። ሲቸግር ወደ ላይ እየተወጣ የሚመከትበት አገር እንደመሆኑ ይህ ስም ይስማማዋል።

ስለ ተራራው የተጻፈው ጥንታዊ ቃል የተገኘው ከባሕር ዳርቻ ነው። በስድስተኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ፣ ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ወደ ሂምያር ለመዝመት በሚሰናዱበት ጊዜ፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ ወደ አዱሊስ ወደብ መጥቶ ነበር። የአዱሊስ ሹም በአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይና በአጠገቡ በቆመ ሐውልት ላይ የተቀረጸውን የግሪክኛ ጽሑፍ እንዲገለብጥ አዘዘው። ዙፋኑና ሐውልቱ ዛሬ የሉም፤ ጽሑፉን የምናውቀው በኮስማስ ግልባጭ ብቻ ነው። በዙፋኑ ላይ ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ሲዘረዝር ከዓባይ ማዶ፣ ሊደረስባቸው በማይቻል ተራሮች ላይ ስለሚኖሩ የሰሜን ሰዎች ያነሣል። ጉምና ውርጭ የማይለየው፣ እግር እስከ ጉልበት የሚሰምጥበት በረዶ ያለበት አገር እንደሆነም ይናገራል። «ዓባይ» የተባለው ተከዜ እንደሆነ ሊቃውንት ይስማማሉ። ኮስማስ ሁለቱን ጽሑፎች እንደ አንድ በመቁጠሩ ዘመቻው የግብጹ በጥሊሞስ ሥራ መሰለው፤ የአክሱም ነገሥታት ታሪክ ለብዙ ዘመን በሌላ አገር ንጉሥ ስም ተመዝግቦ የኖረው በዚህ ስሕተት ነው።

ከዚያ በኋላ የበረዶው ነገር ተረት መሰለ። ከ1625 እስከ 1634 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው የኢየሱሳውያን መነኩሴ ጄሮኒሞ ሎቦ በሰሜን ተራሮች በረዶ መኖሩን ጻፈ። በ1770 ወደ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን በዚያ አገር በረዶ አላየሁም አለ። ብሩስ ጠብ የማይፈራ፣ ከእርሱ በፊት የመጡትን ኢየሱሳውያን ሁሉ ውሸታሞች ማድረግ የሚወድ ጸሐፊ ነበር፤ በአውሮፓም ብዙዎች አመኑት። ነገሩን የፈታው በ1810 ትግራይ የደረሰው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ነው። ሶልት ወደ ተከዜ አቅጣጫ ሲጓዝ ነጭ የለበሰውን የተራራ ጫፍ በዓይኑ አየ፤ በአገሩ ለዓመታት የተቀመጠው ባልንጀራው ናትናኤል ፒርስም ተራራውን ሲሻገር በረዶ እንደወረደበት ነግሮታል። ብሩስ በረዶውን ያላየው፣ እንደ ሶልት አባባል፣ በሊማሊሞ በኩል የተራራውን ጠርዝ ብቻ ነክቶ ስላለፈ ነው። የሚገርመው የአዱሊሱ ጽሑፍ አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑን፣ የዙፋኑም ጽሑፍ የአክሱም ንጉሥ መሆኑን ያስተዋለው ይኸው ሶልት መሆኑ ነው። በአንድ ጉዞ ተራራውንም ንጉሡንም ለባለቤታቸው መልሷል።

በዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር መጨመር ይገባል። አማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውንም፣ ሲቀዘቅዝ የሚጋገረውንም ውሃ «በረዶ» ሲል ይጠራዋል። «ዐመዳይ» የሚል ቃል አለ፤ በዕለት ንግግር ግን ብዙም አይሰማም። ስለዚህ በጎንደር አደባባይ የተቀመጠ የውጭ አገር ሰው «በሰሜን በረዶ ይወርዳል ወይ?» ብሎ ጠይቆ «አዎን» ሲባል ምን እንደተነገረው ማወቅ አይችልም። የተራራው ሰው ግን ያውቃል። በራስ ደጀንና በቧሂት ጫፎች ላይ በረዶ አልፎ አልፎ በሌሊት ይጥላል፤ ፀሐይ ሲወጣበት ግን ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል። የማያቋርጥ የበረዶ ግግር ዛሬ የለም፤ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ግን እንደነበረ ግግሩ ገፍቶ የከመራቸው ድንጋዮች ይመሰክራሉ።

ጫፉን ማን ቀድሞ ወጣው የሚለው ጥያቄ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የመጣ ነው። መጻሕፍት እንደሚሉት በ1841 ራስ ደጀን ላይ የወጡት የፈረንሳይ ጦር መኮንኖች ፌሬና ጋሊኒዬ ናቸው። ሁለቱ ሻምበሎች በትግራይ፣ በሰሜንና በአማራ ያደረጉትን ጉዞ በፓሪስ በሦስት ቅጽ አሳትመዋል። በዚያ ጊዜ ትግራይንም ሰሜንንም ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ፤ ያለ እርሳቸው ፈቃድ የውጭ ሰው በዚያ ግዛት በነጻ ሊዘዋወር የሚችል አልነበረም። ከፈረንሳዮቹ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1832፣ የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በሰሜን አልፏል። እርሱ ጫፍ ለመርገጥ ሳይሆን እንስሳ ለማጥናት የመጣ ሰው ነበር፤ ዋልያንና ጭላዳን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው እርሱ ነው። ሩፔል ለእንስሶቹ አዲስ ስም አልፈጠረም፤ የአገሬው አጠራር እንዳለ በላቲን ፊደል ገባ። ከእርሱ በኋላ አንቷን ዳባዲም በ1848 ወደ ጫፉ ወጥቷል።

«መጀመሪያ የወጣ» የሚለው ማዕረግ መመርመር የሚያስፈልገው ተራራው ራሱ ላይ ነው። 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጫፉ ብዙም ሳይርቅ፣ እስከ ዛሬ በከፊል የቆመ የአንድ ትንሽ ምሽግ ፍርስራሽ ይገኛል። በዚያ ቅዝቃዜ ድንጋይ እያመላለሰ ካብ የካበ ሰው ቀሪውን 250 ሜትር አልረገጠውም ማለት ለማመን ይከብዳል። በጎቹን ፍለጋ የወጣ እረኛም እንዲሁ። የእረኞቹ መንደሮች ከዚያ የአንድ ጥዋት መንገድ ናቸው፤ ተራራውም ገመድና መዶሻ የሚጠይቅ ዓይነት አይደለም። እነርሱ ያልነበራቸው መጽሐፍ ማሳተሚያ ነው። ፌሬና ጋሊኒዬም ቢሆኑ መንገዱን ያገኙት ከአገሬው ሰው እየጠየቁ መሆኑ አያጠራጥርም። እንግዲህ «በጽሑፍ የታወቀ የመጀመሪያው የአውሮፓውያን መውጣት» ቢባል ልክ ነው፤ ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ ግን ከመረጃው በላይ መናገር ነው።

ምሽግ በዚያ ከፍታ መገኘቱ አያስገርምም። ሰሜን የሸሸና ያመፀ ሁሉ የሚመሽግበት አገር ነበር። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ ሠርጸ ድንግል፣ በ17ኛው መጀመሪያ ዐፄ ሱስንዮስ በእነዚህ አምባዎች የተመሸጉትን የቤተ እስራኤል ገዢዎች ለመውጋት ዘምተዋል። ውቤም ቢሆኑ ኃይላቸው የሰሜን ልጅ መሆናቸው ነበር። ለዘውዳቸው አስበው ነው እየተባለ የሚነገርላትን የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን በሰሜን ሲያሠሩ፣ በትግራይ ተቀምጦ ዕፅዋት ይሰበስብ የነበረው ጀርመናዊው ሺምፐር በግንባታው ተሳትፏል። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1855) ደረስጌ ላይ በተደረገው ጦርነት ውቤ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ድል ሆኑ፤ ከጦርነቱ ሁለት ቀን በኋላ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ዘውዱን የጫኑት በካሣ ላይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ንግሥናቸውን የጀመሩት ውቤ ባሠሩት ቤት መሆኑ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላም፣ በመስከረም 1941፣ በተራራው ምዕራባዊ ጠርዝ ወልቀፊት ላይ መሽጎ የነበረው የጣልያን ጦር በአርበኞችና በእንግሊዞች ተከቦ እጁን ሰጥቷል። ዛሬ የእግር ተጓዦች ወደ ደባርቅ የሚደርሱበት መንገድ ያኔ የተከፈተው የጦር መንገድ ነው።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። በዚያ ዘመን ከፍታ የሚለካው በባሮሜትር፣ አለዚያም ውሃ በማፍላት ነበር። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በባሕር ዳር በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በራስ ደጀን ጫፍ በ85 ዲግሪ ገደማ ይንተከተካል። መሣሪያው የአንድ ዲግሪ ስሕተት ካለው እንግዲህ ከፍታው በ300 ሜትር ይዛነፋል ማለት ነው። (በጨነቅ ወይም በአምቢቆ ሰፈር ምስር ለመቀቀል የሞከረ አብሳይ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ውሃው ይፈላል፣ ምስሩ ግን አይበስልም።) ለብዙ አሥርት ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት የኖረው ቁጥር 4,620 ሜትር ነው። በዚህ ቁጥር ራስ ደጀን ከኪሊማንጃሮ፣ ከኬንያ ተራራና ከሩዌንዞሪ ቀጥሎ በአፍሪካ አራተኛው ነበር። ኋላ የተሠሩት የመሬት ካርታዎችና የሳተላይት ልኬቶች ግን ከ4,530 እስከ 4,550 ሜትር ያለ ከፍታ ነው የሚሰጡት፤ ይህም ከታንዛንያው ሜሩ ተራራ በጥቂቱ ዝቅ ያደርገዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ዛሬም 4,620ን በቃላቸው ይጠራሉ። በልጅነት የተማሩት ቁጥር በቀላሉ አይለቅም። ጫፉ ላይ የደረሱ እግረኞች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፤ አጠገብ ለአጠገብ ከተነሡት አለቶች አንዱ ላይ ቆመው ሲያዩ ማዶ ያለው ከፍ ያለ ይመስላቸዋል፣ ወደዚያ ቢሄዱም ትተውት የመጡት።

ተራራው የእረፍት ቦታ የሆነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1960ዎቹ ተመሥርቶ በ1969 በሕግ ጸደቀ፤ ከ1967 ጀምሮ ለሁለት ዓመታት የፓርኩ ኃላፊ የነበረው ዌልሳዊው ሲ. ደብልዩ. ኒኮል ስለ ሥራው አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ዝርዝርን ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ይህ ፓርክ ነበር፤ ሌላው የኢትዮጵያ ድርሻ ላሊበላ ነው። ራስ ደጀን ግን በመጀመሪያው የፓርክ ወሰን ውስጥ አልነበረም። ፓርኩ የተከለለው ለዋልያው ገደል እንጂ ለረጅሙ ጫፍ ስላልነበረ፣ ራስ ደጀን ወደ ክልሉ የገባው ወሰኑ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲሰፋ ነው። ደርግ በሥልጣን በነበረበት ጊዜ አካባቢው የጦርነት ቀጠና ሆኖ ጎብኚ አልደረሰበትም። ከ1991 በኋላ መንገዱ ተከፍቶ፣ መሪዎችና አብሳዮች ማኅበር እያቋቋሙ፣ በቅሎ ያለው በቅሎውን እያከራየ፣ የሰፈርና የድንኳን ሕይወት ተለመደ። በ2021 ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር ሲደርስና ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ ይህ ገቢ ተመታ።

የዋልያው ቁጥር መመናመን፣ የግጦሽ ጫናና በፓርኩ መካከል ያለፈው መንገድ ዩኔስኮ ፓርኩን በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር እንዲያስገባ አደረጉት። ከዝርዝሩ ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ ያለው የሰፈራና የግጦሽ ጫና እንዲቀንስ ነበር። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በግጭ አምባ ሣሩ እስከ ሥሩ ተግጦ፣ መሬቱ ተራቁቶ እንደነበር ያዩት ሁሉ ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ግጭ መንደር ነበር። ነዋሪዎቹ ባብዛኛው ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ ከ3,000 ሜትር እጅግ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ገብስ እየዘሩና በግ እያረቡ ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎች፣ በጠቅላላው ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች፣ መንደሩን ለቀው ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ። በተከታዩ ዓመት ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን በአፍሪካ ስለ ብሔራዊ ፓርኮች በ2020 ያሳተመው መጽሐፍ የሚነሣው ከዚህ የግጭ ጉዳይ ነው። እርሱ ነገሩን የቅኝ ግዛት አስተሳሰብ ቅሪት ያደርገዋል፤ የአውሮፓ እረኛ የመልክዓ ምድሩ ጌጥ ተብሎ ሲመሰገን የሰሜን እረኛ አጥፊ ይባላል የሚል ነው ክርክሩ። የብላን ፍርድ ለአንዳንዱ የተጋነነ መስሎ ቢታየውም ንጽጽሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ከመንደሩ የተነሡት ሰዎች ካሣና በደባርቅ ከተማ የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጣቸው። የግጭ የድንኳን ሰፈር ግን እዚያው አምባው ላይ፣ ከቀድሞው መንደር አጠገብ አለ። ወደ ራስ ደጀን የሚያመሩ እግረኞች በሦስተኛው ቀን ገደማ የሚያድሩት በዚያ ነው፤ ጠዋት ተነሥተው ወደ እሜት ጎጎ ሲሄዱ ጓሳው እንደገና ያደገበትን ሜዳ ያቋርጣሉ።